አባ ጎርጎርዮስ የገቡበት ደጅ፤ በጀርመን አገር የአንድ ቀን ጕብኝት
በጀርመን አገር መካከል ቱሪንገን የሚባል ደን የበዛበት ክፍል አለ። በዚህም ክፍል ኤርፉርት፣ ጎታና አይዘናህ የሚባሉ ሦስት ከተሞች በአንድ የምድር ባቡር መስመር ላይ ተከታትለው ይገኛሉ፤ ከኤርፉርት እስከ ጎታ 25 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጎታ እስከ አይዘናህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐዲዱ በ1847 ዓ.ም ከተዘረጋ ወዲህ ማለዳ ከኤርፉርት የተነሣ መንገደኛ ሦስቱንም ከተሞች በአንድ ቀን ለማየት ይችላል። ታላላቆቹን ከተሞች ለማየት የሚቸኵል ሰው ይህን አገር በባቡር መስኮት እያየ ያልፈዋል። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ግን እንዲሁ ሊያልፈው አይገባም። በመካከለኛይቱ ከተማ በጎታ ባለው ቤተ መንግሥት፣ በ1652 ዓ.ም አንድ የአማራ አገር መነኩሴ ተቀምጠው የኢትዮጵያን ቋንቋና ታሪክ አስተምረውበታልና። በዚህ ጽሕፈት የሚጠራው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የቀኑ መጀመሪያ ኤርፉርት ናት። ቅዱስ ቦኒፋስ የተባለው ሰባኬ ወንጌል በ742 ዓ.ም መንበረ ጵጵስና ካቆመባት ጀምሮ ስሟ በታሪክ የሚጠራ ጥንታዊት ከተማ ናት። ጌራ የሚባለው ወንዝ በመካከሏ ይፈሳል፤ በወንዙም ላይ በ1325 ዓ.ም በደንጊያ የተሠራ፣ የነጋዴዎች ድልድይ የሚባል ድልድይ አለ። ይህ ድልድይ እንደ ሌሎች ድልድዮች ባዶ መሻገሪያ አይደለም፤ በግራና በቀኝ 32 ቤቶች ቆመውበታል፤ ከበታች ውሃው ይፈሳል፣ ከላይ ሰዎች ይኖሩበታል፣ ይነግዱበታልም። በመካከሉ የሚያልፍ እንግዳ ጠባብ የገበያ መንገድ ይመስለዋል እንጂ በወንዝ ላይ መቆሙን ወዲያው አያስተውለውም።

ከድልድዩ ወደ ምዕራብ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ሰፊ አደባባይ ይገኛል። ከአደባባዩም በላይ 70 ደረጃ በሚወጣበት ኮረብታ ላይ ሁለት ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንደኛዋ በእመቤታችን በማርያም ስም የተሠራችው ካቴድራል ስትሆን፣ ሁለተኛው የቅዱስ ሴቬሩስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በካቴድራሏ ግንብ ላይ ግሎሪዮዛ የሚባል ደወል ተሰቅሏል፤ የተሠራው በ1497 ዓ.ም ነው፤ ክብደቱም ከ110 ኩንታል ይበልጣል። ይህ ደወል ከተሠራ ከአራት ዓመት በኋላ ማርቲን ሉተር የሚባል ወጣት በኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ ሊማር ወደ ከተማይቱ ገባ። በሐምሌ 1505 ዓ.ም ከወላጆቹ ቤት ሲመለስ በመንገድ ላይ መብረቅ አጠገቡ ወድቆ እጅግ ስላስደነገጠው እመነኵሳለሁ ብሎ ተሳለ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶም በቅዱስ አውግስጢኖስ ሥርዓት ወደሚተዳደር ገዳም ገባ። በ1507 ዓ.ም ቅስና የተቀበለው በዚህችው ካቴድራል ነው።

የታሪክን ስፍራ የሚጐበኝ ሰው ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መርጦ ሊያይ አይችልም። በኤርፉርት የድሮው ምኵራብ ተብሎ የሚጠራ የአይሁድ የጸሎት ቤት አለ፤ ከግንቡ የጥንቱ ክፍል በ1094 ዓ.ም ገደማ የተሠራ ነው። በ1349 ዓ.ም በአውሮፓ ቸነፈር በገባ ጊዜ የኤርፉርት አይሁድ ተገደሉ፤ ምኵራቡም የዕቃ ማከማቻ ሆነ። ሉተር የመነኰሰበት ገዳምም የራሱ ሐዘን አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በየካቲት 1945 ዓ.ም፣ ከአየር የተጣለ ቦምብ የገዳሙን ቤተ መጻሕፍት አፈረሰ፤ በሥሩ ባለው ምድር ቤት ተጠልለው የነበሩ 267 ሰዎችም በዚያው ሞቱ። ምኵራቡ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል፤ በ2023 ዓ.ም ከሌሎች የኤርፉርት የአይሁድ ቅርሶች ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የገዳሙም ቤተ መጻሕፍት እንደ ገና ታንጿል። ሕንፃው ሲታደስ የሞቱት አይመለሱም፤ ነገር ግን ታሪካቸው በስፍራው እንዲነገር መደረጉ ለሕያዋን ማስጠንቀቂያ ነው።

በዚህች ከተማ በ1624 ዓ.ም ሂዮብ ሉዶልፍ ተወለደ፤ ሂዮብ ማለት በእኛ ንባብ ኢዮብ ነው። በተወለደ ጊዜ ጀርመን በጦርነት ውስጥ ነበረች። በ1618 ዓ.ም የተጀመረው ይህ ጦርነት እስከ 1648 ዓ.ም ድረስ 30 ዓመት ስለ ቆየ በታሪክ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ተብሎ ይጠራል። ነገሩ በሮማ ካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል በሆነ የሃይማኖት ክርክር ተጀመረ፤ ኋላ ግን የነገሥታት የሥልጣን ፉክክር ተጨመረበትና የዴንማርክ፣ የስዊድንና የፈረንሣይ ጭፍሮችም ገቡበት። መንደሮች ተቃጠሉ፤ ከሰይፍ የተረፈውን ገበሬ ራብና በሽታ ፈጀው። የስዊድን ጭፍሮች ወደ ኤርፉርት በ1631 ዓ.ም ሲገቡ ሉዶልፍ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን ያደገው ልጅ ልቡን ወደ ልሳናት ትምህርት መለሰ፤ ዕብራይስጥንና ሌሎችንም የምሥራቅ ቋንቋዎች ከተማረ በኋላ የግዕዝ ፍቅር አደረበት። ሆኖም በከተማው ግዕዝን የሚያስተምር ሰው ስላልነበረ የሚማረው በጥቂት የታተሙ መጻሕፍት ብቻ ነበር።

እነዚህም መጻሕፍት ጥቂት ቢሆኑ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የኢትዮጵያ ነጋድያን የሚያርፉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ከተማ ካህን ወደ ሮማ በሄደ ጊዜ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲዘምሩ ሰምቶ ቋንቋቸውን ተማረ፤ በ1513 ዓ.ም መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። ነገር ግን ፖትከን የቋንቋውን ስም በትክክል ባለማወቁ ከለዳዊ ብሎ ጠራው። ከዚያም በ1548 እና በ1549 ዓ.ም ተስፋ ጽዮን የተባሉት የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ከጓደኞቻቸው ጋር ደክመው ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በሮማ አሳተሙ። የኤርፉርቱ ወጣት ግዕዝን ሊማር የቻለው ከእርሱ በፊት እንደ እነዚህ ያሉ ሰዎች በሮማ በመድከማቸው ነው።

ጀርመን በጦርነት በምትታመስበት በዚያው ዘመን ኢትዮጵያም በሃይማኖት ነገር ታውካ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ ከኢየሱሳውያን ካህናት ጋር ተስማምተው በ1622 ዓ.ም የሮማን ሃይማኖት በግልጽ ተቀበሉ፤ ሕዝቡም የአባቶቹን ሃይማኖት አልለቅም ስላለ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዓ.ም ንጉሡ ራሳቸው በወገንና በወገን መካከል በሆነው እልቂት አዝነው ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱና መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስም የቀድሞውን ሃይማኖት አጸኑ፤ ከሮማ የመጡትንም ካህናት ከአገር አስወጡ። ከእነዚህ ካህናት ጋር ከወገኑት ኢትዮጵያውያን አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። የተወለዱት በአማራ አገር በመካነ ሥላሴ ነው፤ ይህችም በዐፄ ናዖድ ተጀምራ በዐፄ ልብነ ድንግል የተፈጸመችው፣ በ1531 ዓ.ም ግን በግራኝ ጦርነት የተቃጠለችው የታላቋ ቤተ ክርስቲያን ስፍራ ናት። አባ ጎርጎርዮስ ከአገራቸው ተሰደው ብዙ ከተንከራተቱ በኋላ በሮማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀመጡ።

እንግዲህ አንዱ በኤርፉርት፣ አንዱ በመካነ ሥላሴ የተወለዱት እነዚህ ሁለት ሰዎች የተገናኙት በሮማ ነው። ሉዶልፍ በ1649 ዓ.ም ለስዊድን መንግሥት የጥንት ጽሕፈቶችን እንዲፈልግ ወደዚያ ተልኮ ነበር፤ የተላከበትን ጽሕፈት ግን አላገኘም። ኢትዮጵያውያን በከተማው መኖራቸውን በሰማ ጊዜ ሄዶ ቋንቋቸውን እንዲያስተምሩት ለመናቸው። ቋንቋው ከኢትዮጵያ ውጭ ሊለመድ አይችልም አሉት፤ ነገር ግን አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ እጅግ የተማሩ ሰው ከእነርሱ ጋር እንዳሉ ነገሩት። ሉዶልፍም ከመጻሕፍት የተማረውን ግዕዝ ባነበበላቸው ጊዜ አነባበቡ እንግዳ ሆኖባቸው ሳቁ፤ የሚያነበውን ማወቁ ግን አስደነቃቸው። ቃላቱን ከመጽሐፍ ቢያገኛቸውም ድምፃቸውን ከሕያው አፍ አልሰማቸውም ነበርና። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባ ጎርጎርዮስ መምህሩ ሆኑ። ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም ባሕርና ተራራ ሳይለያቸው በደብዳቤ ይጠያየቁ ነበር፤ አባ ጎርጎርዮስ በግዕዝ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ተጠብቀው ቆይተው በ19ኛው መቶ ዓመት ታትመዋል።

ከኤርፉርት የተነሣው ባቡር ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጎታ ይደርሳል። የጎታ ቤተ መንግሥት ከከተማው በላይ ባለ ኮረብታ ላይ የቆመ ሰፊና ነጭ ሕንፃ ነው፤ ስሙም ፍሪደንሽታይን ይባላል፤ ትርጓሜው የሰላም ደንጊያ ማለት ነው። በዚሁ ስፍራ ቀድሞ ግሪመንሽታይን የሚባል ምሽግ ነበረ፤ በ1567 ዓ.ም በጦርነት ተይዞ ፈረሰ። መስፍኑ ኤርንስት በ1643 ዓ.ም አዲሱን ቤተ መንግሥት ማሠራት ሲጀምር የሠላሳው ዓመት ጦርነት ገና አላለቀም ነበር። መስፍኑ ራሱ በወጣትነቱ በዚያ ጦርነት ከስዊድን ንጉሥ ጋር ተሰልፎ የተዋጋ ወታደር ነበር። ጦርን በዓይኑ ያየ ሰው ቤቱን የሰላም ደንጊያ ብሎ መሰየሙ ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚገባው ተመልካች በዋናው ደጅ ላይ ቆም ብሎ ቀና ማለት ይገባዋል። ከደጁ በላይ በደንጊያ የተቀረጹ ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ሲሳሳሙ ይታያሉ፤ አንዲቱ ሰላም፣ ሁለተኛይቱ ጽድቅ ናት። ይህም ነቢዩ ዳዊት በመዝሙሩ የተናገረውን የሚያሳስብ ነው። በአጠገቡም ሰላም ሰውን እንደምትመግብ፣ ጠብ ግን ያለውን ሁሉ በልታ እንደምትጨርስ የሚናገር የጀርመንኛ ጽሕፈት ተቀርጿል። ምስሉ የተቀረጸው በ1650 ዓ.ም፣ ጦርነቱ ባለቀ በሁለተኛው ዓመት ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደዚህ ቤተ መንግሥት ሲመጡ ግንበኞች ገና ሥራቸውን አልፈጸሙም ነበር፤ ሕንፃው ያለቀው በ1654 ዓ.ም ነውና። የምስሉ ደንጊያ ግን አዲስ ሆኖ ከደጁ በላይ ቆሞ ነበር። በሃይማኖት ጠብ ምክንያት አገራቸውን ያጡት መነኩሴ ከዚህ ምስል በታች ማለፋቸውን የሚያስብ ሰው ልቡ ሳይነካ አያልፍም።

የአመጣጣቸው ነገር እንዲህ ነው። ሉዶልፍ በ1652 ዓ.ም በመስፍኑ ኤርንስት ዘንድ ሥራ ይዞ የልጆቹ መምህር ሆነ። መስፍኑም ከሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያዊው ሊቅ በሰማ ጊዜ እንዲመጡለት ፈቀደ፤ ለመንገዳቸውም የሚያስፈልገውን አዘዘ። አባ ጎርጎርዮስ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈ ሲሆን ከሮማ ተነሥተው፣ በረዶ የሚለብሱትን የአልፕ ተራሮች ተሻግረው ወደ ኑረምበርግ፣ ከዚያም ወደ ጎታ ደረሱ። ኤርንስት የሉተርን ትምህርት የሚከተል መስፍን ነበር፤ እግዚአብሔርን በመፍራቱም ሕዝቡ ሃይማኖተኛው ኤርንስት ብሎ ይጠራዋል። እንግዳው ግን ከሮማ ጋር የተባበሩ መነኩሴ ነበሩ። ለ30 ዓመት በጀርመን ምድር የእነዚህ የሁለቱ ወገኖች ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲገዳደሉ ቆይተዋል። በዚህ ቤት ግን በአንድ ማዕድ ተቀመጡ።

መስፍኑ የእንግዳውን መልክና ልብስ ብቻ አይቶ የሚያሰናብት ሰው አልነበረም። ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሕዝቡ ኑሮ፣ ስለ አገሩም አራዊትና ዕፀዋት ይጠይቃቸው ነበር፤ የሚመልሱትም በጽሕፈት ይመዘገብ ነበር። ይህ መስፍን ለዕውቀት ያለው ፍቅር በሌላም ሥራው ይታወቃል። በ1642 ዓ.ም፣ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ በግዛቱ ያሉ የገበሬ ልጆች፣ ወንዶችም ሴቶችም ሁሉ፣ ትምህርት ቤት እንዲገቡ የሚያዝዝና የትምህርቱንም ሥርዓት የሚወስን መጽሐፍ አንድሬያስ ራይኸር በተባለ መምህር አጽፎ ነበር። ከዚህ የተነሣ የመስፍኑ ኤርንስት ገበሬዎች ከሌላው አገር መኳንንት ይልቅ የተማሩ ናቸው ይባል ነበር። በቤተ መንግሥቱም የሰበሰባቸው መጻሕፍት የዛሬው የጎታ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት መጀመሪያ ሆነዋል።

ሉዶልፍና አባ ጎርጎርዮስ በዚያው በ1652 ዓ.ም በበጋው ወራት አብረው ተቀምጠው ሠሩ። ሥራው ታላቅ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበር፤ አንዱን ቃል አንሥቶ ትርጓሜውን መጠየቅ፣ ከየትኛው ግሥ እንደ ወጣ መመርመር፣ በሌላ ስፍራ ደግሞ እንዴት እንደሚነገር ማመሳከር ነው። አባ ጎርጎርዮስ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ካወቁት ከግዕዝ ሌላ የአፍ መፍቻቸው አማርኛ ነበርና ሉዶልፍ ሁለቱን ቋንቋዎች ለይቶ እንዲያውቅ አደረጉት። ከዚህ በፊት በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የሚነገረው ብዙው ነገር ተረት ነበር፤ ቄስ ዮሐንስ ስለሚባል የምሥራቅ ንጉሥ የተወራውም በዚሁ ተረት ውስጥ የሚቈጠር ነው። አሁን ግን ጠያቂው ተረቱን ትቶ አገሩን ከሚያውቀው ሰው አፍ ይሰማ ጀመር።

በመከር መግቢያ አባ ጎርጎርዮስ ከጎታ ተሰናብተው ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። የአገራቸው ናፍቆት ግን ከልባቸው አልወጣም። በ1658 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ በመርከብ ተሳፍረው ሲሄዱ በሶርያ ባሕር ዳር በእስክንድሮና አጠገብ መርከቡ ተሰብሮ ሰጠሙ፤ የሚናፍቋትንም አገር ሳያዩ ዐረፉ። እንግዲህ ይታሰብ፤ ሉዶልፍ በሮማ ባይፈልጋቸው፣ ወይም መስፍኑ ለመንገዳቸው ስንቅ አልሰጥም ቢል ኖሮ፣ አባ ጎርጎርዮስ የያዙት ዕውቀት ሁሉ ከእርሳቸው ጋር በባሕር በቀረ ነበር። ካስተማሩ በኋላ የቀራቸው ዘመን ስድስት ዓመት ብቻ ነበር።

ነገር ግን የተናገሩት አልጠፋም። በ1661 ዓ.ም የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን ታተመ። በ1681 ዓ.ም የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ጽፎ በፍራንክፈርት አወጣ፤ ይህም በሚከተለው ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ። በ1691 ዓ.ም ታሪኩን የሚያብራራ ሰፊ ሐተታ ጨመረ፤ በዚህም መጽሐፍ የአባ ጎርጎርዮስ ምስል ታትሟል። በ1698 ዓ.ም፣ የ74 ዓመት ሽማግሌ ሳለ፣ የአማርኛን ሰዋስውና የአማርኛን መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ የአማርኛ ሰዋስው በኅትመት ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። መምህሩ ካረፉ በዚያን ጊዜ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሉዶልፍ በ1704 ዓ.ም በፍራንክፈርት ሞተ። ከእርሱ በኋላ የተነሡት የግዕዝና የአማርኛ ሊቃውንት በአውሮፓ ሁሉ በእርሱ መሠረት ላይ አነጹ። የዚህ ሰው ምስጉንነቱ በዕውቀቱ ብቻ አይደለም። ዝናውን ለብቻው ለማድረግ የመምህሩን ስም ሊሸሽግ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ይህን ከጎርጎርዮስ ሰማሁ እያለ በየስፍራው ስማቸውን ጠራ፤ መልካቸውንም አሳተመ። ዛሬ የአባ ጎርጎርዮስ ስም የሚታወቀው በዚህ ታማኝነት ነው።

ከቀትር በኋላ ባቡሩ መንገደኛውን ወደ አይዘናህ ያደርሰዋል። በዚህች ከተማ ስመ ጥሩው የዜማ ሊቅ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1685 ዓ.ም ተወልዷል። ከከተማይቱም በላይ፣ ደን በሸፈነው ተራራ ራስ፣ የቫርትቡርግ ምሽግ ቆሟል። ሰዎች በ1067 ዓ.ም ተመሠረተ ይላሉ። በ1211 ዓ.ም የሃንጋሪ ንጉሥ ልጅ ኤልሳቤጥ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች ለቱሪንገን መስፍን ልጅ ታጭታ ወደዚህ አገር መጣች። ካደገችና ከተዳረች በኋላ በ1226 ዓ.ም ራብ በገባ ጊዜ ከተራራው በታች የድውያን ማረፊያ አሠርታ በገዛ እጇ ታገለግላቸው ነበር። ባሏ በሞተ ጊዜ ቤተ መንግሥቱን ትታ በድኽነት ኖረች፤ በ1231 ዓ.ም የ24 ዓመት ሴት ሳለች ዐረፈች። ወደ ምሽጉ የሚወጣው መንገድ ዳገት ስለሆነ የደከመው መንገደኛ ሕመምተኛው እንዳይቸገር ማረፊያውን ከበታች ያሠራችውን የዚህችን ወይዘሮ ማስተዋል ያደንቃል።

በዚሁ ምሽግ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በኤርፉርት የመነኰሰው ሉተር ከግንቦት 1521 እስከ መጋቢት 1522 ዓ.ም ተሸሽጎ ተቀምጧል። ትምህርቱ ከሮማ ጋር ስላጣላውና ንጉሠ ነገሥቱም ስለ ፈረደበት፣ ጢሙን አሳድጎ፣ የፈረሰኛ ልብስ ለብሶ፣ ስሙንም ለውጦ ዮርግ ይባል ነበር። በ11 ሳምንት ያህል ጊዜ ሐዲስ ኪዳንን ከጽርእ ወደ ጀርመንኛ ተረጐመ፤ በመስከረም 1522 ዓ.ም ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1534 ዓ.ም ወጣ። በሃይማኖት የማይስማሙትም ሁሉ ይህ ትርጓሜ ለጀርመንኛ ቋንቋ ያደረገለትን አይክዱም፤ በየአውራጃው የተለያየ አነጋገር የነበረው ሕዝብ አንድ የጽሕፈት ቋንቋ እንዲኖረው እጅግ ረድቶታልና።

በዚያው በ1534 ዓ.ም አባ ሚካኤል የተባሉ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ዊተንበርግ ሄደው ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋገሩ። ሉተርም በሄዱበት እንዲቀበሏቸው በሐምሌ ወር የአደራ ደብዳቤ ጽፎ ሰጣቸው። ስለዚህ አባ ጎርጎርዮስ ወደዚህ አገር ከመምጣታቸው 118 ዓመት አስቀድሞ ኢትዮጵያዊ መንፈሳዊ በጀርመን ምድር ተጕዟል ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስንም ሕዝብ በሚናገረው ቋንቋ የማግኘት ነገር በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የጎጃም ተወላጅ የሆኑት አባ አቡ ሩሚ በግብፅ በካይሮ ተቀምጠው፣ አሰላን በተባለ የፈረንሣይ ቆንሲል አሳሳቢነት፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ከ1808 ዓ.ም ጀምሮ በ10 ዓመት ያህል ወደ አማርኛ መለሱት። በ1840 ዓ.ም በለንደን የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በእርሳቸው ድካም የተገኘ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ በኅትመት ገና ሳይወጣ የቋንቋውን ሥርዓት ለውጭ ሰው የገለጡ አባ ጎርጎርዮስ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ የሰጡ አባ አቡ ሩሚ፣ ሁለቱም በስደት ሠሩ፤ ሁለቱም የጠየቃቸው ሰው ስለ ተገኘ ሥራቸው ቀረ።

ከቫርትቡርግ ግንብ ላይ የሚመለከት ሰው ደኑንና ኮረብታውን እስከ ሩቅ ያያል። በዚህ መንገድ ላይ የታዩት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ፈርሰው የታነጹ ናቸው፤ የኤርፉርት ገዳም በቦምብ ፈርሶ ታነጸ፣ የጎታ ምሽግ በጦርነት ተይዞ ፈርሶ የሰላም ደንጊያ ተባለ። መካነ ሥላሴም ተቃጥላለች፤ ከመካነ ሥላሴ የወጡት መነኩሴ የተናገሩት ግን በመጽሐፍ ስለ ተጻፈ ዛሬ ድረስ ይነበባል። ይህን ያደረገው የመስፍኑ ሀብት ብቻ አይደለም፤ የሉዶልፍም ብልኀት ብቻ አይደለም። ሦስት ነገሮች ተገናኝተው ነው፤ በትሕትና የሚጠይቅ ተማሪ፣ ያወቀውን ሳይሰስት የሚመልስ መምህር፣ ሁለቱንም በሰላም የሚያስቀምጥ ቤት ነው።

በየገዳሙና በየአድባራቱ፣ በየመንደሩም ዛሬ ቅኔውን፣ ዜማውን፣ የአገሩን ታሪክና የዕፀዋቱን ጥቅም በቃላቸው የያዙ ሽማግሌዎች አሉ። የእነርሱም ዘመን እንደ አባ ጎርጎርዮስ ዘመን አጭር ነው፤ ዕውቀታቸውን የሚያጠፋውም የባሕር ሞገድ ብቻ አይደለም፤ ጠያቂ ማጣትም ያጠፋዋል። ሉዶልፍ አንድ መነኩሴ ለማግኘት ተራራና አገር አቋርጦ ደብዳቤ ላከ። አያቱ በአጠገቡ የተቀመጡለት ልጅ ግን ተራራ መሻገር አያስፈልገውም፤ ቀለምና ወረቀት ይዞ ቀርቦ መጠየቅ፣ የሰማውንም የነገረውን ሰው ስም ሳይሸሽግ መጻፍ ይበቃዋል።